የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር፦ በዕዳ የተያዘ መንግሥት ሃዲዱን ሊያስረዝም ይገባዋልን?

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በሁለት መስመሮች በድምሩ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን፣ በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀስ የከተማ ባቡር ነው። የሰሜን ደቡቡ መስመር ከምኒልክ አደባባይ ተነሥቶ በአትክልት ተራ፣ በአውቶቡስ ተራና በሰባተኛ በኩል ወደ ልደታ ይወርድና ሳሪስን አልፎ ቃሊቲ ላይ ያበቃል። የምሥራቅ ምዕራቡ ከአያት በሲኤምሲ፣ በመገናኛና በሃያ ሁለት አድርጎ ጦር ኃይሎች ይደርሳል። ሁለቱ መስመሮች ከስታዲየም እስከ ልደታ ባለው ርቀት አንድ ሃዲድ ይጋራሉ፤ ስታዲየም፣ ለገሃር፣ ሜክሲኮ፣ ተግባረ ዕድና ልደታ የጋራ ጣቢያዎቻቸው ናቸው። የሰሜን ደቡቡ መስመር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ የምሥራቅ ምዕራቡ ደግሞ በዚያው ዓመት ጥቅምት 29 ቀን ሥራ ሲጀምሩ፣ ከሰሃራ በታች ባሉ የአፍሪካ ሀገሮች የመጀመሪያው ዘመናዊ ቀላል ባቡር ተብለው ነበር።

ሁለቱን መስመሮች ከጫፎቻቸው አሳልፎ ወደ አዳዲሶቹ የመኖሪያ ሰፈሮች የማድረስ ሐሳብ ከግንባታው ዘመን ጀምሮ ሲነሣ ኖሯል። ሐሳቡን የሚደግፉትም የሚቃወሙትም ብዙ ጊዜ የሚከራከሩት ባቡር ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም፣ መንግሥት ገንዘብ አለው ወይስ የለውም በሚል ነው። ይህ አቀራረብ ዋናውን ጉዳይ ይሸፍነዋል። የከተማ ባቡር ወጪ ከፊሉ በብር፣ ከፊሉ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል ሲሆን፣ ኢትዮጵያ የጠበባት በተለይ ሁለተኛው ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን የማስፋፊያ ሐሳብ መመዘን የሚገባው ከጠቅላላ ዋጋው ይልቅ በሚጠይቀው የዶላር መጠን ነው።

ግንባታውንና ብድሩን በተመለከተ ታሪኩ አጭር ነው። የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ሥራውን ለቻይናው የባቡር ምህንድስና ኩባንያ ሰጠ፤ ቁፋሮው በ2004 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ጠቅላላ ወጪው 475 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ሆነ። ከዚህ ውስጥ 85 በመቶውን የቻይና ኤግዚም ባንክ ሲያበድር ቀሪውን 15 በመቶ መንግሥት ሸፈነ። ለአንድ ኪሎ ሜትር 14 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ማለት በዓለም ገበያ ርካሽ የሚባል ዋጋ ነው። እርካሽነቱ ግን በነፃ የመጣ አልነበረም። ከመገናኛ እስከ አያት ባለው መንገድ ሃዲዱ በአብዛኛው በአስፋልቱ መሐል፣ በአጥር ተከልሎ መሬት ለመሬት ስለተዘረጋ፣ ከመንገዱ ማዶ ወዳለ ሱቅ መሻገር የፈለገ እግረኛ እስከ ማቋረጫው ድረስ መጓዝ ግድ ሆኖበታል። በጊዜው የተቆጠበው ገንዘብ ዛሬም በነዋሪው እግር እየተከፈለ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የብድሩ ክብደት የሚታየው በምንዛሪው ነው። ባቡሩ ሥራ በጀመረበት ወቅት አንድ ዶላር ወደ 21 ብር ይመነዘር ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከኤግዚም ባንክ የተወሰደው 400 ሚሊዮን ዶላር ያህል ብድር በመጀመሪያው ምንዛሪ ሲሰላ ከ8 ቢሊዮን ብር ብዙ አይበልጥም ነበር፤ በኋለኛው ምንዛሪ ሲሰላ ግን ከእያንዳንዱ ያልተከፈለ ዶላር ጀርባ ያለው ብር ወደ አምስት እጥፍ አድጓል። በሌላ በኩል ተሳፋሪው ሲከፍል የነበረው ብር ነው። በመክፈቻው ጊዜ ታሪፉ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። በዚያን ጊዜ 6 ብር ወደ 30 የአሜሪካ ሳንቲም ሲጠጋ፣ ያው 6 ብር ምንዛሪው 100 ብር ባለፈበት ጊዜ ከ6 ሳንቲም በታች ነው። ታሪፍ ሲስተካከል እንኳ ከምንዛሪው እኩል መራመድ አይችልም፤ የቀን ሠራተኛውና የተማሪው ገቢ በዶላር አላደገምና።

ይህ ሁሉ የሆነው መንግሥት ዕዳ መክፈል እየከበደው በሄደበት ዘመን ነው። በ2010 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የአዲስ አበባ–ጂቡቲ ባቡር ብድር የመክፈያ ጊዜ ከ10 ወደ 30 ዓመት እንዲራዘም ከቻይና ጋር ስምምነት ተደረሰ። በ2013 ዓ.ም. የምድር ባቡር ኮርፖሬሽንን ጨምሮ የተወሰኑ የልማት ድርጅቶች ዕዳ አዲስ ወደ ተቋቋመው የዕዳና ሀብት አስተዳደር ኮርፖሬሽን ተዛወረ። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ በ1 ቢሊዮን ዶላር የዩሮ ቦንዷ (በዓለም ገበያ በሸጠችው የብድር ሰነድ) ላይ መክፈል የነበረባትን 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀረች። የዕዳ ሽግሽጉን የተደራደረውን የአበዳሪ መንግሥታት ኮሚቴ የመሩት ቻይናና ፈረንሳይ መሆናቸው ለባቡር ታሪካችን የሚገርም አጋጣሚ ነው፤ አንደኛዋ የአዲሱ ባቡር፣ ሌላኛዋ በ1909 ዓ.ም. ለገሃር የደረሰው የአሮጌው ባቡር ሠሪ ሀገር ናቸውና። ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ጋር የተገባው የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ፕሮግራምም በንግድ ወለድ አዲስ የውጭ ብድር መውሰድን በእጅጉ ስላጠበበ፣ የመጀመሪያው ምዕራፍ በተሠራበት መንገድ ሁለተኛውን ለመሥራት መነሣት ለጊዜው የማይታሰብ ነው።

ዕዳው ይህን ያህል ከባድ ቢሆንም፣ አገልግሎቱን ያዳከመው ግን ከዕዳው ይልቅ መለዋወጫ ነው። ለሁለቱ መስመሮች 41 ባቡሮች ተገዝተው ነበር። በ2015 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር ስለ ጥገናው ሲናገር አብዛኞቹ ቆመው፣ በሥራ ላይ የነበሩት ጥቂቶች ብቻ ነበሩ። የባቡር ጎማ ብረት ነው፤ በተለይ በጠመዝማዛ ሃዲድ ላይ ቀስ በቀስ ይበላል፣ ተቀርጾ ልኩ ይስተካከላል፣ ከተወሰነ ጊዜ በኋላም መቀየር አለበት። የሚቀየረው ጎማ ከአምራቹ ፋብሪካ በዶላር ይታዘዛል፤ ለዚህም ባንክ ኤልሲ (ለሻጩ የሚሰጥ የክፍያ ዋስትና ሰነድ) መክፈት፣ ኤልሲው ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ወረፋ መጠበቅ አለበት። ወረፋው በተራዘመ ቁጥር የጥገና ሠራተኛ ያለው አማራጭ ከቆመው ባቡር ፈትቶ ለሚሠራው መግጠም ነው። ይህ ዘዴ ለአንድ ሰሞን ያሠራል፤ ዳሩ ግን የቆመውን ባቡር ከባቡርነት ወደ መለዋወጫ መጋዘንነት ይለውጠዋል።

ውጤቱ ጠዋት ጠዋት በምሥራቁ መስመር ላይ በግልጽ ይታያል። አያት ላይ ቀድሞ የተሰለፈ ሰው ወንበር አግኝቶ ይቀመጣል፤ ሲኤምሲ ላይ መቆሚያው ይሞላል፤ ባቡሩ ጉርድ ሾላ ሲደርስ በሩ ተከፍቶ የሚወርድ የለም፣ የሚገባበትም ቦታ የለም፤ ከመድረኩ ላይ የቀረው ሰው ትኬቱን በእጁ እንደያዘ ቀጣዩን ይጠብቃል ወይም ወደ ሚኒባስ ተራ ይሻገራል። በዚህ ሁኔታ መስመሩን ከአያት አልፎ ማስረዘም ማለት ጉርድ ሾላ ላይ የሚሞላውን ባቡር ገና ከአያት ሳይነሣ እንዲሞላ ማድረግ ነው። ሃዲድ ብቻውን ሰው አያጓጉዝም።

የማስፋፊያው ደጋፊዎች ግን ከፍላጎት ያለፈ ጠንካራ መከራከሪያ አላቸው። የከተማዋ ትልልቅ የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች አብዛኞቹ የሚገኙት መስመሮቹ ካበቁበት አልፈው ነው። ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ከቃሊቲ ወዲያ፣ የካ አባዶ ከአያት አካባቢ ወዲያ ናቸው፤ ጀሞ ደግሞ ከሁለቱም መስመሮች ውጭ ነው። መንግሥት ራሱ ቤት ሠርቶ ከከተማው ዳር ያሰፈራቸው ነዋሪዎች ወደ ሥራ ለመድረስ ሁለትና ሦስት ታክሲ መቀያየራቸው የዕቅድ ጉድለት እንጂ የእነሱ ምርጫ አይደለም። በዚያ ላይ ነዳጅ ሙሉ በሙሉ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ሲሆን፣ ባቡሩ የሚሄድበት ኤሌክትሪክ እዚሁ ይመነጫል። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴው ግድብ በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ከተመረቀ ወዲህ ይህ ክርክር ይበልጥ ሚዛን ደፍቷል።

ነገር ግን ይህ የኤሌክትሪክ ብልጫ ዛሬ የባቡር ብቻ አይደለም። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ አውቶቡሶችም በከተማዋ መታየት ጀምረዋል። አውቶቡስ ቢበላሽ የሚቆመው እሱ ብቻ ሲሆን፣ በሃዲድ ላይ የተበላሸ ባቡር ግን ከኋላው ያለውን ሁሉ ያቆማል። ቢአርቲ በሚል ምህጻር የሚታወቀው በራሱ መንገድ የሚሄድ ፈጣን አውቶቡስም ከዊንጌት ወደ ጀሞ በፈረንሳይ የልማት ድርጅት ብድር ታቅዶለት ቆይቷል። ዳሬ ሰላም እ.ኤ.አ. በ2016 የመጀመሪያውን 21 ኪሎ ሜትር የፈጣን አውቶቡስ መስመር ከፍታ ከአዲስ አበባ ያነሰ ወጪ በሚጠይቅ መንገድ ብዙ ሰው ማጓጓዝ ችላለች። ናይሮቢ ደግሞ በአሮጌው ሃዲዷ ላይ ከስፔን ያገለገሉ ባቡሮችን ገዝታ የከተማ ዳር አገልግሎቷን አስፋፍታለች።

በሌላው ወገን የናይጄሪያ ሁለት ከተሞች ተመሳሳይ ጥያቄን በተለያየ መንገድ መልሰዋል። አቡጃ በቻይና ብድር የሠራችው 45 ኪሎ ሜትር ቀላል ባቡር እ.ኤ.አ. በ2018 ተመርቆ በ2020 ቆመ፤ ዳግም የተከፈተው በ2024 ነው። የሌጎስ ክልል መንግሥት ግን ሰማያዊ መስመሩን ከ10 ዓመት በላይ እየተንገዳገደ ሲሠራ ኖሮ የመጀመሪያውን 13 ኪሎ ሜትር ለተሳፋሪ ያበቃው በ2023 ነው። ዘገየ ተብሎ ብዙ ተወቅሷል፤ ከአቡጃ ጋር ሲነጻጸር ግን በአቅም መጠን መሥራት ከመክፈትና ከመዝጋት ይሻላል ለማለት ያስደፍራል።

ባቡሩ በትኬት ገቢ ራሱን አልቻለም የሚለው ትችት ተደጋግሞ ይሰማል። እውነት ነው፤ ነገር ግን የአንበሳና የሸገር አውቶቡሶችም በድጎማ የሚሠሩ ናቸው፤ በዓለም ላይ ወጪውን በትኬት ብቻ የሚሸፍን የከተማ ባቡር ጥቂት ነው። ሆንግ ኮንግ አትራፊ የሆነችው በጣቢያዎቹ ዙሪያ ያለውን መሬት አልምታ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ መሬት የመንግሥት ሆኖ በሊዝ የሚተላለፍ በመሆኑ፣ ከሌሎች ሀገሮች ይልቅ ይህን ማድረግ ይቀል ነበር። ሃያ ሁለት፣ መገናኛና ሲኤምሲ ላይ በጣቢያዎቹ አጠገብ የተገነቡት ፎቆች ባቡሩ ከሰጣቸው ዋጋ ለባቡሩ የሚመልሱት ነገር ቢኖር ኖሮ፣ ገቢው በብር ቢሆንም የሠራተኛ ደመወዝን፣ መብራትንና የአጥር ጥገናን ይሸፍን ነበር። የማስፋፊያው ክርክር ሲነሣ ይህ ጉዳይ ከሁሉ ያነሰ ቦታ የሚሰጠው ለምን እንደሆነ ለመረዳት ያስቸግራል።

በውጭ ምንዛሪ ሚዛን ሲታይ የማስፋፊያ ሐሳቦቹ ተራ ይለወጣል። አዲስ ሃዲድ ከነባቡሩ መግዛት ከሁሉም ውዱ ሲሆን፣ የቆሙትን ባቡሮች መጠገን ግን አነስ ባለ ዶላር ተጨማሪ ተሳፋሪ የማጓጓዝ አቅም ይመልሳል፤ ለእነሱ ሃዲዱም፣ መስመሩም፣ ጣቢያውም ተሠርቶ ተቀምጧልና። የመጋቢ አውቶቡስ መስመር፣ የእግረኛ መሻገሪያና የተሸፈነ መጠበቂያ ደግሞ በአመዛኙ በብር የሚሠሩ ናቸው። በዚህ መዝገብ ውስጥ ሳይጠቀስ የማይታለፍ አንድ ነገር አለ፤ እሱም ከሰበታ እስከ አዳማ ድረስ ድርብ ሆኖ የተዘረጋው የጂቡቲ መስመር ነው። ሃዲዱ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሲሆን፣ ለቡን፣ እንዶዴን፣ ቢሾፍቱንና ሞጆን እያቋረጠ ያልፋል፤ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ዋና ተልዕኮው ዕቃ ማመላለስ ነበር። ከቢሾፍቱና ከአዳማ ወደ ዋና ከተማዋ በየቀኑ ለሚመላለሰው ሰው ግን ወጪው አስቀድሞ የወጣበት የከተማ ዳር መስመር ሊሆን ይችላል። እንቅፋቱ ጣቢያዎቹ ያሉበት ቦታ ነው። የለቡ ጣቢያ ከከተማው መሐል ርቆ የተሠራ ሲሆን ከቀላል ባቡሩ ጋር አይገናኝም፤ ከአዳማ በሚያስደስት ፍጥነት የመጣ ተሳፋሪ ለቡ ላይ ወርዶ ሜክሲኮ ለመድረስ እንደገና ታክሲ መጋፋት ይጠበቅበታል። ከለቡ እስከ ሜክሲኮ፣ ከእንዶዴም እስከ ቃሊቲ የባቡሩን ሰዓት ጠብቆ የሚነሣ አውቶቡስ ለመመደብ የሚያስፈልገው የሁለት መሥሪያ ቤቶች መነጋገርና ጥቂት ተሽከርካሪ ነው፤ ለዚህ ኤግዚም ባንክ ድረስ መሄድ አያስፈልግም።