የሙቀት ቃጠሎ ምንድን ነው? ቢርድድ ድራጎን ከሚያቃጥለው ነገር ለምን አይሸሽም?

ቤት ውስጥ የሚያሳድጉት፣ ቢርድድ ድራጎን የሚባለው እንሽላሊት ድንጋዩ ላይ ልጥፍ ብሎ ተኝቷል። ዓይኑን ጨፈን አድርጓል፣ የኋላ እግሮቹን ዘርግቷል፣ የደላው ይመስላል። ቀኑን ሙሉ ከዚያች ቦታ ንቅንቅ ሳይል ዋለ። ማታ ብድግ አድርጋችሁ ሆዱን ስታዩት ግን መሃሉ ላይ ያሉት ቅርፊቶች ቡናማ ሆነዋል፣ ዙሪያው ቀልቷል፣ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ውሃ ቋጥሯል። የሙቀት ቃጠሎ የሚባለው ይሄ ነው። የሚያናድደው ነገር፣ ቆዳው ሲቃጠል እናንተ ፊት ለፊቱ ቁጭ ብላችሁ «ዛሬስ ተመችቶታል» እያላችሁ ፎቶ ስታነሱት መዋላችሁ ነው።

በአጭሩ፣ የሙቀት ቃጠሎ ማለት ቆዳ ሊሸከም ከሚችለው በላይ ሙቀት ሲደርስበት የሚፈጠር ጉዳት ነው። ሙቀቱ ከአምፖል፣ ከሴራሚክ ማሞቂያ፣ ከሥር ከሚነጠፍ የሙቀት ምንጣፍ፣ ወይም ውስጡ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ካለበት ሰው ሠራሽ ድንጋይ (ሆት ሮክ የሚሉት) ሊመጣ ይችላል። ቃጠሎ ሲባል እሳትና ጭስ ነው ቶሎ ትዝ የሚለን። እዚህ ግን ወሳኙ ዲግሪው ብቻ አይደለም፣ ሰዓቱም ነው። በሰው ቆዳ ላይ የታወቀውን ብንወስድ፣ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ ነገር በ5 ሰከንድ ገደማ ክፉኛ ያቃጥላል፤ 44 ዲግሪ የሆነ ነገር ደግሞ ያንኑ ጉዳት ለማድረስ 6 ሰዓት ያህል ይፈልጋል። 44 ዲግሪ ላይ እጃችሁን ብታሳርፉ «ሞቅ ይላል» ከማለት አታልፉም። 6 ሰዓት ደግሞ አንድ እንሽላሊት ከመሞቂያው ሳይነሳ በቀላሉ የሚውለው ጊዜ ነው።

ታዲያ ለምን አይነሳም? እኛ የጋለ ብረት ስንነካ እጃችንን የምንስበው ገና «አቃጠለኝ» ብለን ሳናስብ ነው። ቢርድድ ድራጎንም ሕመም የማይሰማው ፍጡር አይደለም፤ ያመዋል። ግን ደመ ቀዝቃዛ ነው፣ ሙቀቱን ከውጭ ነው የሚበደረው። የዘር አገሩ ደረቁ የአውስትራሊያ መሃል አገር ነው። እዚያ ሙቀት ማለት ፀሐይ ነው፤ ፀሐይ ደግሞ ከላይ ነው የምትመጣው፣ ከነብርሃኗ። አናቱ ላይ እንኳ ሦስተኛ ዓይን የሚሏት ትንሽ ነጥብ አለችው፤ ምስል አያይባትም፣ ብርሃንና ጥላ ግን ትለይለታለች። ከሆዱ ሥር፣ ያለ አንዳች ብርሃን የሚመጣ ሙቀት ለእሱ እንግዳ ነገር ነው።

ለእኔ ግን ዋናው ጥፋተኛ ሌላ ነው፤ ብርድ። የሚኖርበት የመስታወት ቤት ሌላው ክፍል ሁሉ ቀዝቅዞ አንዲት ድንጋይ ብቻ የምትሞቅ ከሆነ እንሽላሊቱ ምን ምርጫ አለው? ውስጡ እስኪሞቅለት ድረስ እዚያው ይጠብቃል፣ ውስጡ ሳይሞቅ ቆዳው ያልቃል። ቃጠሎ ያየ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምኑ ነው እንዲህ የጋለው?» ብሎ ነው። ትክክል ነው፣ ይጠየቅ። ከሱ ቀጥሎ ግን «የቀረው ቤት ስንት ዲግሪ ነበር?» ማለት አለበት፤ ሁለተኛውን ካልመለሰ አምፖሉን ቢቀይርም እንሽላሊቱ ነገ ሌላ የጋለ ነገር ፈልጎ ይለጠፍበታል።

አሁን ወደ ቁስሉ። ቀላሉ ቃጠሎ ቆዳውን ያቀላል ወይም ቀለሙን ይቀይረዋል፣ ቅርፊቱ ግን እንዳለ ነው። መካከለኛው ውሃ ይቋጥራል፣ ያዠዋል፣ ሲነካ እንሽላሊቱ ይሸሻል ወይም ጺሙን (አገጩ ሥር ያለውን ቆዳ) ያጠቁራል። ከባዱ ደግሞ ቆዳውን ከላይ እስከ ታች ይገድለዋል፤ ቦታው ይጠቁራል ወይም ይነጣል፣ እንደ ደረቅ ቆዳ ይጠነክራል፣ ነርቩም ስለሞተ ላያመው ይችላል። «አላመመውም፣ ስለዚህ ቀላል ነው» የሚለው ስሌት እዚህ ጋ ነው የሚያሳስተው። ሌላው የሚያሸውደው ጊዜው ነው። ዛሬ ትንሽ ቀላ ያለ የሚመስል ቦታ ከሦስት አራት ቀን በኋላ ጠቁሮ፣ ጠርዙ ተነስቶ ልታገኙት ትችላላችሁ። ስለዚህ በየቀኑ በአንድ ዓይነት ብርሃን ፎቶ አንሱት፤ ሐኪሙም ይጠቀምበታል።

ከቃጠሎ ጋር የሚምታቱ ነገሮችም አሉ። ቆዳውን ሊቀይር ሲል ሰውነቱ ይነጣል፣ ይደበዝዛል፤ ያ ጤና ነው። ሲጨነቅ ሆዱ ላይ ጥቁር መስመሮች ይወጡበታል፤ ሲረጋጋ ይጠፋሉ። ቢጫ ፈንገስ የሚባለው ግን ሌላ ጉድ ነው፤ ቢጫ ወይም ቡናማ ቅርፊት ይጋግራል፣ ቀስ እያለ ይስፋፋል፣ እና መድኃኒቱ ከቃጠሎ ጋር አንድ አይደለም። በዓይን ብቻ መለየት ያስቸግራል፣ ሐኪም ናሙና ወስዶ ያየዋል።

ቃጠሎው አሁን፣ ዓይናችሁ እያየ ከደረሰ መጀመሪያ እንስሳውን ከሙቀቱ አርቁት። ከዚያ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ቁስሉ ላይ ለ10 ደቂቃ ያህል ቀስ ብላችሁ አፍስሱበት። በረዶ አይሆንም፤ የተጎዳውን ቆዳ ጭራሽ ይጨርሰዋል፣ እንሽላሊቱንም ያደነዝዘዋል። ቃጠሎው የትናንት ከሆነ ግን ማቀዝቀዙ ጥቅም የለውም፣ ዝለሉት። ቅቤ፣ ዘይት፣ የጥርስ ሳሙና፣ እነዚህን ወዲያ በሉልኝ። ውሃ የቋጠረውን አታፍርጡ፤ ከላዩ ያለው ቆዳ በተፈጥሮ የተሰጠው ፋሻ ነው። የሰው የሕመም ማስታገሻ ክኒን ቆርሶ መስጠትም ሆነ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ያለበትን ቅባት መቀባት ከቃጠሎው የባሰ መርዝ ሊሆን ይችላል።

ሐኪም ጋ እስክትደርሱ ቁስሉን በጣም በቀጠነ ፖቪዶን አዮዲን (ጀርም የሚገድል የቁስል ማጠቢያ) ማጠብ ይቻላል። ቅጥነቱ ቀለሙ ስስ ሻይ እስኪመስል ነው፤ ከዚያ ከጠቆረ በዝቷል። በንጹሕ ጎዝ ዳበስ ዳበስ አድርጉት እንጂ አትፈትጉት። እንሽላሊቱን አሸዋ ላይ አትመልሱት፣ አሸዋው ቁስሉ ውስጥ ይገባል። በምትኩ ነጭ የወጥ ቤት ወረቀት አንጥፉና በቆሸሸ ቁጥር ቀይሩ። ክፍት ቁስል እያለው ገንዳ ውስጥ አታስገቡት፤ እነዚህ ልጆች ሞቅ ያለ ውሃ ሲያገኙ መጸዳዳት ይቀናቸዋል፣ ቁስሉም እዚያው ውስጥ ይነከራል። እጃችሁንም በፊትም በኋላም ታጠቡ፤ ሳልሞኔላ የሚባለውን ባክቴሪያ ጤነኛ እንሽላሊት እንኳ ይሸከማል።

እና አዎ፣ ሐኪም ያስፈልጋል፤ በተለይ ውሃ የቋጠረ፣ የጠቆረ፣ የሚያዠ፣ የሚሸት፣ ወይም ሰፊ ከሆነ። እንደ እንሽላሊት ያሉትን የሚያውቅ ሐኪም ብታገኙ ይመረጣል። ብዙ ጊዜ የሚያዙት 1 በመቶ ሲልቨር ሰልፋዳያዚን የሚባል ነጭ ክሬም ነው። ካስፈለገ የሞተውን ቆዳ ያነሳሉ፣ በመርፌ ፀረ ባክቴሪያ ይሰጣሉ፣ ለሕመሙም ልኩን ያወቀ ማስታገሻ ያዛሉ። የተቃጠለ ቆዳ ውሃ ስለሚያስመልጥ ፈሳሽም ሊሰጡት ይችላሉ። ብዙዎች የሚስቱት አንድ ነገር አለ፤ «ሙቀት ነው የጎዳው» ብለው ማሞቂያውን ጭራሽ ያጠፉታል። ይሄ ስህተት ነው። የእንሽላሊት በሽታ የመከላከል አቅም፣ ምግብ መፍጨቱም ሳይቀር፣ በሙቀት ነው የሚሠራው። ቀዝቃዛ ቤት ውስጥ ቁስል አይድንም። ትክክለኛው ሙቀት ይሰጠው፣ በትክክለኛው ቦታ።

መዳኑ ቀናትን አይደለም፣ ሳምንታትን፣ ሲከብድ ወራትን ይፈጃል። ቆዳውን በቀየረ ቁጥር ቁስሉ ትንሽ እያነሰ ይመጣል። ጠባሳው ላይ አሮጌው ቆዳ ሊጣበቅ ይችላል፤ በጣት አትላጡት።

ቤቱን በተመለከተ፣ ሆት ሮክ ካለ አውጡት። ስለ እሱ ክርክር የለኝም። የሙቀት ምንጣፍም ቢሆን ለዚህ እንስሳ አያስፈልገውም፣ ከላይ የሚመጣ ሙቀት ነው የሚስማማው። አምፖሉ ወይም ሴራሚኩ ቤቱ ውስጥ ከተንጠለጠለ የሽቦ መከለያ ይደረግለት። «እዚያ ድረስ አይደርስም» አትበሉ። ይደርሳል። ቅርንጫፍ ላይ ይወጣል፣ ይዘላል፣ በጣሪያው የሽቦ መረብ ላይ ይንጠላጠላል። የሴራሚክ ማሞቂያ ደግሞ ብርሃን ስለማይሰጥ የጠፋ ይመስላል እንጂ ፊቱ ከ200 ዲግሪ በላይ ሊግል ይችላል፤ የሚገባበት መያዣም ሸክላ መሆን አለበት፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ከላይ በመቆንጠጫ ብቻ የተያዘ መብራት አንድ ቀን መውደቁ አይቀርም፣ ያኔ ነገሩ ከእንሽላሊቱም አልፎ የቤት ቃጠሎ ይሆናል።

ቴርሞስታት፣ ማለትም ሙቀቱን እየለካ ማሞቂያውን የሚቆጣጠር ዕቃ፣ የግድ ነው። ግን ቴርሞስታት ማለት በሽቦ ጫፍ ያለች አንዲት ትንሽ መለኪያ የምታየውን ብቻ የሚያውቅ ዕቃ ነው። እንሽላሊቱ ጎትቶ ወደ ቀዝቃዛው ጥግ ከወሰዳት «ቤቱ በርዷል» ብላ ታስባለች፣ ማሞቂያውም እስከ ጥጉ ይነዳል። እኔን ያስተማረኝ ይሄ ነው፤ ቁጥሩ 36 ይላል፣ ድንጋዩ ግን እጅ አያስነካም ነበር። መለኪያዋ ለካ ከቦታዋ ተነቅላ የውሃ ሳህኑ ሥር ወድቃለች። ከዚያ ወዲህ በፕላስቲክ ማሰሪያ ነው የማስራት፣ በየሁለት ቀኑም አያታለሁ።

መስታወቱ ላይ የሚለጠፉት ክብ ቴርሞሜትሮች የሚነግሯችሁ የመስታወቱን ነው። ቀጥታ ገጹን የሚለካ የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ያዙ። የሚሞቅበት ገጽ ለአዋቂ ቢርድድ ድራጎን ከ38 እስከ 42 ዲግሪ አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ቀዝቃዛው ጎን ከ24 እስከ 29፣ ማታ መብራት ሁሉ ጠፍቶ እስከ 18 ቢወርድ ችግር የለውም። ከላይ ያነሳነውን 44 አስታወሳችሁ? በሚስማማውና በሚያቃጥለው መካከል ያለው ልዩነት ይቺን ታህል ናት። አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ሌላው ላይ ስትደርቡ እንኳ እንሽላሊቱን ወደ አምፖሉ በ5 ሴንቲሜትር አስጠግታችሁታል፣ ቁጥሩም ተቀይሯል። የአምፖሉ ብርሃንም ጠባብ ነጥብ ላይ የሚያተኩር ከሆነ የትልቅ እንሽላሊትን ጀርባ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይጠብሰዋል፤ ሰፋ አድርጎ የሚበትነውን ምረጡ።

ዩቪቢ መብራትም (እንደ ፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር የሚሰጠው) በጣም ከቀረበ ያቃጥላል፣ ያ ግን ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው ዓይን ላይ ነው፤ ያብጣል፣ ጨፍኖ ይውላል። አምራቹ የጻፈውን ርቀት ጠብቁ፣ በመካከል የሽቦ መረብ መኖር አለመኖሩንም ቁጠሩ፤ መረብ ጨረሩን ይቀንሳል።

ይሄን ሁሉ ካስተካከላችሁ በኋላ እንሽላሊቱን ወዲያው አትመልሱት። ቤቱ ባዶውን አንድ ሙሉ ቀን ይብራ። መሞቂያው ላይ የእሱን ጀርባ ከፍታ የሚያህል ነገር አስቀምጡ፣ ወፍራም መጽሐፍም ይሁን የእንጨት ቁራጭ፣ ከዚያ ጠዋት፣ ቀትር ላይና ሊመሽ ሲል ከላዩ ለኩት። ሦስቱም ልኬት ከ42 ካላለፈ አስገቡት።