ስልክ እንዲህ አይሞትም

ባለፈው ሳምንት አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሱቄ መጣች። ስልክ ልታሠራ መስሎኝ ነበር። ከቦርሳዋ ያወጣችው ግን ድርሰት ነው፤ ከጓደኞቿ ጋር ሊያሳዩት ያሰቡት ቴአትር። «ጋሼ፣ ስልክ ያለበት ቦታ ስላለ አንዴ ይዩልኝ» አለችኝ። ደንበኛ እስኪመጣ አነበብኩት። ልጅቷ ትጽፋለች፤ ንግግሩ ይፈሳል። ሦስተኛው ትዕይንት ላይ ስደርስ ግን ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ልጁ ለፍቅረኛው ትልቁን ምስጢር ሊነግራት ይደውላል። ታነሳለች። «ስሚኝ፣ አባትሽ ያልነገረሽ ነገር...» ሲል ባትሪው ዘጋ። መብራት ጠፋ፣ መጋረጃ ወረደ።

ጅማ መርካቶ ውስጥ ስልክ ስጠግን 14 ዓመት ሆኖኛል። ማታ ማታ ድራማ አያለሁ፣ ልብወለድ አነባለሁ። የስልኩ አሟሟት ሁልጊዜ አንድ ነው። ደህና ሲሠራ የቆየ ስልክ፣ ደራሲው በፈለገበት ሰከንድ፣ ጭጭ። ይሄ ነገር ሰልችቶኛል። ስለዚህ ደጋግሜ የምሰማቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

«የተበላሸ ስልክ የሰነፍ ደራሲ ማምለጫ ነው።» አይደለም። ያልደረሰ መልእክት የድሮ ጥበብ ነው። ከበደ ሚካኤል ወደ አማርኛ የመለሱትን ሮሜዎና ዡልየት አስታውሱ። ዡልየት በእውነት እንዳልሞተች የሚነግረው ደብዳቤ ለሮሜዎ ቢደርስ ኖሮ ሁለቱም ባልሞቱ። ያልደረሰው ግን እንዲያው አይደለም። ይዞት የሚሄደው መነኩሴ በሽታ ገብቶበታል በተባለ ቤት ውስጥ ተዘግቶበት ነው። ከተማው ወረርሽኝ ፈርቷል፤ በሩም የተዘጋው ለዚያ ነው። መልእክቱን ያስቀረው የታሪኩ ዓለም ራሱ ነው። ሰነፍ የምለው ምክንያት የሌለውን ብቻ ነው።

«ደዋዩ ያለበትን ለማወቅ አንድ ደቂቃ ማናገር ያስፈልጋል።» ይህ የድሮ ቴሌፎን ወግ ነው። ያኔ ሠራተኛው መስመሩን ከማዞሪያ ወደ ማዞሪያ በእጁ እየተከተለ ይፈልግ ነበር። ዛሬ ሲስተሙ የደዋዩን ቁጥርና በየትኛው የኔትወርክ ማማ በኩል እንደደወለ ገና ስልኩ ሲጠራ ያውቀዋል።

«መብራት ሲጠፋ ኔትወርክም አብሮ ይጠፋል።» ብዙው ማማ መጠባበቂያ ባትሪ ወይም ጄኔሬተር አለው። ጥቂት ይቆያል።

«ኔትወርክ ሲደክም ስልክ ሽሽሽ ይላል።» ያ የሬዲዮ ድምፅ ነው። የዛሬ ሞባይል ድምፅን ወደ ቁጥር ቀይሮ ነው የሚልከው። ቁጥሩ በደንብ ካልደረሰ ቃል ይቆራረጣል፣ ፊደል ይዋጣል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ወደ ጊቤ ሸለቆ ስንወርድ በአውቶብስ ውስጥ ስንት ጊዜ ደርሶብኛል። እዚህ ላይ ደራሲዎቻችን ምን ያህል ሀብት እንደሚጥሉ ሳስብ ይቆጨኛል። አማርኛ «አይደለም» የሚለውን የሚያስቀምጠው በቃሉ ጫፍና ጫፍ ነው። «አልሞተም» በሉ። አሁን ፊቱንና ኋላውን ዋጡት። «ሞተ» ይቀራል። አንድ ሰው ከሆስፒታል ደጅ ደውሎ «አልሞተም» ይላል፤ ቤት ያለው «ሞተ» ሲል ይሰማዋል፤ ከዚያ መስመሩ ይቋረጣል። ይሄን የሚያህል ነገር በቋንቋችን ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ባትሪ ዘጋ ብሎ መጋረጃ ማውረድ ምን ይባላል?

«ስልኩ ከተዘጋ የተላከው መልእክት ጠፋ።» አጭር መልእክት መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ኔትወርኩ ማዕከል ነው። የተቀባዩ ስልክ ዝግ ከሆነ እዚያ ይቆያል። ስልኩ ሲከፈት ይደርሳል። ብዙ ቀን ካለፈ ነው የሚሰረዘው። ይሄን በየቀኑ አየዋለሁ። ሞቶ የመጣ ስልክ ሠርቼ ስከፍተው ጥቂት ዝም ይላል። ኔትወርክ ሲይዝ ቲን፣ ቲን፣ ቲን ይጀምራል። ባለቤቱ ጠረጴዛው ላይ ይደፋል። አንድ ቀን አንድ ጎልማሳ የአራት ቀን መልእክት ቆሞ አነበበ። ሁለተኛው ላይ ሲደርስ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የስልኩን ክዳን ሳልገጥምለት፣ መልሱን ሳይቀበል ወጥቶ ሮጠ። ክዳኑን የወሰደው ከሳምንት በኋላ ነው፤ አናቱን ተላጭቶ ነበር። ምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ያልደረሰ መልእክት ያሳዝናል። ዘግይቶ የደረሰ ግን የባሰ ያንገበግባል፣ ምክንያቱም ይነበባል።

«ውሃ ውስጥ የገባ ስልክ እዚያው ይሞታል።» የጅማን ክረምት የሚያውቅ ሰው ይህን አይጽፍም። ውሃ ብቻውን ስልክን ወዲያው አይገድልም። የሚገድለው ውሃና ኤሌክትሪክ ሲገናኙ ነው። ቦርዱ ላይ አረንጓዴ ዝገት ይበቅላል፣ ቀስ እያለ ይበላል። አንድ የባጃጅ ሹፌር ስልኩ ጭቃ ውስጥ ወደቀበት። በሸሚዙ ጠርጎ ሁለት ቀን ሠራበት። በሦስተኛው ቀን ቻርጅ ላይ ሰክቶት አደረ፤ ጠዋት አልነሳም። «ምንም አላረግኩትም» ብሎ ማለልኝ። እውነቱን ነው፤ ረስቶታል። ለደራሲ ሁለት ቀን ብዙ ነው። ሰውዬው ስልኬ ተረፈ ብሎ ቀጠሮ ይይዛል፣ ቃል ይገባል፣ ሚስቱን «ደውዪልኝ» ይላታል። አንባቢው ግን ውስጡ እየተበላ መሆኑን ያውቃል።

ስለ ውሃ ካነሳሁ አይቀር፣ እባካችሁ ሩዝ ውስጥ አትቅበሩት። ሩዝ ዝገቱን አያቆምም፣ ብናኙ ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። አፕል ራሱ በ2024 እ.ኤ.አ. ሩዝ እንዳትጠቀሙ ብሎ በግልጽ መክሯል። ወዲያው አጥፉት። ይሠራ እንደሆን ልየው ብላችሁ አትክፈቱት። ቻርጅ አታድርጉት። ሲም ካርዱን አውጡና በዚያው ቀን ለጠጋኝ ስጡት። ተከፍቶ በአልኮል ከታጠበ የሚድነው ብዙ ነው።

«ሬዲዮ መገናኛ እንደ ስልክ ነው።» በእጅ የሚያዝ መገናኛ ሁለት ሰው እኩል አያናግርም። ቁልፉን ተጭኖ የሚያወራው ሌላውን አይሰማም። «ኦቨር» ማለት ጨርሻለሁ፣ መልስህን እጠብቃለሁ ነው። «አውት» ማለት ደግሞ ንግግሩ አበቃ ነው። በፊልም ሁለቱን አንድ ላይ ሲሉ መልስልኝ፣ አትመልስልኝ እያሉ ነው። መበላሸቱም ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። የአንዱ ሰው ቁልፍ ተጭኖ ከቀረ መስመሩ ለሁሉም ይዘጋል። እሱ ምንም አያውቅም። የኪሱን ኮሽታ፣ ትንፋሹን፣ ከጎኑ ካለው ሰው ጋር የሚያወራውን ሁሉም ይሰማሉ። «ልቀቀው» ሊሉት አይችሉም።

«ጥፋቱ የመሣሪያው ነው።» በ1912 እ.ኤ.አ. የታይታኒክ ሬዲዮ በእርግጥ ተበላሽቶ ነበር፤ መርከቧ ባሕር ላይ ከሚንሳፈፍ የበረዶ ግግር ጋር ከመጋጨቷ አንድ ቀን ቀደም ብሎ። ሁለቱ ኦፕሬተሮች ሌሊቱን ቁጭ ብለው ሠሩት። የሙያ ባልደረቦቼ ናቸውና ስማቸውን ልጥራ፤ ጃክ ፊሊፕስና ሃሮልድ ብራይድ። ሬዲዮው ሲነሳ የተጠራቀመ የመንገደኞች መልእክት ጠበቃቸው። በማግስቱ ማታ ካሊፎርኒያን የምትባል በአቅራቢያዋ የነበረች መርከብ «በረዶ ከቦን ቆመናል» ብላ ነገረቻቸው። ፊሊፕስ ሥራ በዝቶበት ነበርና ዝም በል አለው። የካሊፎርኒያን ኦፕሬተር ሬዲዮውን ዘግቶ ተኛ። ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ታይታኒክ ተጋጨች። የድረሱልኝ ጥሪው በተሠራው ሬዲዮ በደንብ ተላለፈ፤ ቅርብ ያለው ሰው ግን ተኝቷል። 1,500 ያህል ሰው አለቀ። ከዚያ ወዲህ ነው መርከቦች ሌት ተቀን ሬዲዮ የሚጠብቅ ሰው ይኑራቸው የተባለው። ብልሽቱ ተጠግኗል። ያልተጠገነው በሁለት ሰዎች መካከል የነበረው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው።

«ስልክ ወይ ይሠራል፣ ወይ ተበላሽቷል።»

ጠረጴዛዬ ላይ ከሚመጡት ስልኮች ፍጹም ሞተው የሚመጡት ጥቂቶች ናቸው። አብዛኞቹ በግማሽ የታመሙ ናቸው። ስክሪኑ ጠቁሮ ይጠራል፤ ማን እንደደወለ አይታይም፣ በጣት ነክቶ ማንሳትም አይቻልም። ሶኬቱ ላልቶ ገመዱን በአንድ በኩል ካልያዙለት ቻርጅ አይቀበልም። ባትሪው አርጅቶ 30 በመቶ እያሳየ፣ ጥሪ ሲመጣ ኃይል ይጎድለውና ድንገት ይጠፋል። አያችሁ? ባትሪ በእርግጥ እንደ ድራማው ድንገት ሊዘጋ ይችላል። ግን ያ ባትሪ ቀድሞ ተናግሯል። አብጦ ክዳኑን ገፍቷል፣ ባለቤቱን ቻርጀር አስይዞ ካፌ ለካፌ አዙሮታል። ገጠር ቡና ለቀማ የሄደ ስልክ ደግሞ ኔትወርክ ፍለጋ ሲባዝን በግማሽ ቀን ያልቃል። ይህን ሁሉ በመጀመሪያው ትዕይንት ካሳየኸን በሦስተኛው ሲዘጋ እናምንሃለን፤ እንዲያውም ገና ሲደውል ልባችን ይንጠለጠላል።

አንዲት እናት ነበሩ። ገበያ ላይ ሽሮና በርበሬ ይሸጣሉ። ባለ ቁልፍ ትንሽ ስልካቸውን በመሐረብ ጠቅልለው አመጡልኝ። «ልጄ፣ ድምፁ ይመጣል፤ እሱ ነው የማይሰማኝ» አሉ። ልጃቸው አረብ አገር ነው። ሳይነግራቸው ነው የሄደው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ ይደውላል። ያነሳሉ። «እማ? እማዬ? ሄሎ?» ይላል። እሳቸው ይጮኻሉ፣ ስሙን ይጠራሉ፣ ይመርቁታል። እሱ ዘንድ የሚደርስ የለም። «አሁንም ተቆጥተሽ ነው?» ብሎ ጥቂት ይጠብቅና ይዘጋል። እንዳይደውሉለት፣ የሚመጣው ቁጥር በየቀኑ ይለያያል።

ከፈትኩት። የማይኩ ቀዳዳ ላይ የሽሮ ዱቄት ተጋግሯል። በብሩሽና በአልኮል አጸዳሁት፤ አሥር ደቂቃም አልፈጀ። ወደ ቤት አልሄዱም። በርጩማው ላይ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው እስኪመሽ ተቀመጡ። ሲደውል «እማ?» አለ እንደ ወትሮው። እሳቸውም «አለሁ» አሉ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ማንም አልተናገረም። ወጥቼ በር ላይ ቆምኩ።

ያ ስልክ ሞቶ ቢሆን ኖሮ ልጁ ተበላሽቶባት ነው ብሎ ያስባል፣ ለጎረቤት ያስደውላል። ግማሹ ስለሠራ ነው ሦስት ሳምንት የተቃጠሉት።

ደግሞ ደራሲዎች የሚረሱት ሌላ ነገር አለ። ጅማ ከተማ መሃል ስልኩ የተዘጋ ሰው ምን ያደርጋል? የባጃጁን ሹፌር «ወንድሜ፣ አንዴ ልደውል» ይለዋል። አይከለክለውም። ስለዚህ ገጸ ባሕሪህን ማገድ ከፈለግህ እውነተኛውን እገዳ ተጠቀም። ቁጥሯን በቃሉ አያውቀውም፤ ያለው የሞተው ስልክ ውስጥ ነው። ሲሙን አውጥቶ በባለሱቋ ቀፎ ልክተተው ቢል፣ የእሱ ሲም ትንሿ ናት፤ የባለሱቋ አሮጌ ቀፎ የድሮውን ትልቁን ነው የሚፈልገው። ሰው በዚህ ሲታገል አይቻለሁ፤ ላቡ ጠብ ይላል።

ይሄን ሁሉ ለተማሪዋ ነገርኳት። ማስታወሻ ያዘች። ከዚያ «ማይኩ የተበላሸ ስልክ አለዎት?» አለችኝ። ከመሳቢያዬ አንድ አውጥቼ ሲም ከተትኩበት። እሷ ይዛው መንገዱን ተሻግራ ቆመች። በራሴ ስልክ ደወልኩላት፤ አነሳች። ከማዶ ሆና አፏ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ጆሮዬ ላይ ግን ምንም የለም። «ልጄ፣ ትሰሚኛለሽ?» አልኩ። ራሷን ነቀነቀች። አንድ ሁለት ደቂቃ እንዲያ ቆየን።

ስትመለስ ፊቷ ተቀይሯል። «ጋሼ፣ እንዲህም ሆኖ ሂሳብ ይቆጥራል?» አለችኝ።

«ይቆጥራል» አልኳት። «ስልኩ ተነስቷላ።»