«አብሮ የተወለደ» ማለት «የተወረሰ» ማለት አይደለም

ልጃቸው ልብ ላይ ክፍተት እንዳለ የተነገራቸው ወላጆች ቶሎ የሚጠይቁት «በማን በኩል መጣ?» ብለው ነው። ጥያቄው ባልና ሚስትን ሲያቃቅር አይቻለሁ፤ ያሳዝነኛል።

«አብሮ የተወለደ የልብ ችግር» የሚለው ስም የሚናገረው ችግሩ መቼ እንደተፈጠረ ብቻ ነው። ልብ ቅርጹን የሚይዘው በመጀመሪያዎቹ 8 የእርግዝና ሳምንታት ገደማ ነው። ብዙ እናቶች ያኔ ማርገዛቸውን እንኳ በቅጡ አላወቁም።

ታዲያ ስለ ምክንያቱ ሲወራ የሚነሳው «የዘረመል ተጋላጭነት» ምንድን ነው? በዘረመል ላይ ያለ ለውጥ ዕድሉን ከፍ ያደርገዋል ማለት ነው። ለውጡ ከወላጅ ሊመጣ ይችላል፤ በልጁ ላይ አዲስ ሊፈጠርም ይችላል። ልጁ አንድ ተጨማሪ ክሮሞዞም (ዘረመልን የሚሸከም የሴል ክፍል) ይዞ የሚወለድበትን ዳውን ሲንድረምን እንውሰድ። ተጨማሪው ክሮሞዞም አብዛኛውን ጊዜ ከወላጅ የተወረሰ አይደለም። ዳውን ሲንድረም ካለባቸው ልጆች ግማሽ ያህሉ የልብ ችግር አለባቸው፤ የቀሩት ልባቸው ደህና ነው። ለውጡ ያው ሆኖ ውጤቱ ይለያያል።

በእርግዝና ወቅት ያልተስተካከለ የስኳር በሽታ፣ ሩቤላ (የጀርመን ኩፍኝ) እና አንዳንድ መድኃኒቶችም ዕድሉን ይጨምራሉ። ብዙውን ጊዜ ግን አንድ ምክንያት ተለይቶ አይገኝም።

ችግሩ ብርቅ አይደለም፤ ከ100 ሕፃናት 1 ገደማ ይኖርበታል። ከቤተሰብ ቤተሰብ የሚለያየው የቀጣዩ ልጅ ዕድል ነው። በአብዛኛው ከ100 ከ2 እስከ 5 ነው። ከወላጅ የሚተላለፍ የአንድ ጂን ለውጥ ካለ ግን ዕድሉ እስከ ግማሽ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ሌላ ልጅ ካሰባችሁ የልጃችሁን ችግር ትክክለኛ ስም ጽፋችሁ ያዙና ሐኪሙን «የእኛ ስንት ነው?» በሉት። በሚቀጥለው እርግዝናም የፅንሱን ልብ በአልትራሳውንድ ማየት ይቻላል።