ፈርንን ከነመኖሪያው ለልጆች ማሳየት

ልጆች ስለ ዕፅዋት ሲማሩ መነሻው አበባና ዘር ነው። ፈርን ግን ሁለቱም የለውም፤ የሚራባው ስፖር በሚባል ከዱቄት በደቀቀ ብናኝ ነው። ሳሎን ውስጥ የተቀመጠውን ፈርን ማሳየት ይቻላል፤ የሚበቅልበትን ቦታ ካላዩ ግን ነገሩ ግማሽ ነው።

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በወጨጫ ተራራ ላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን ለዚህ ይመቻል። ከጽድና ከዝግባ ጥላ ሥር፣ ውሃ በሚወርድባቸው ሸለቆዎች ዳር፣ ፈርን በርከት ብሎ ይገኛል። የሚመረጠው ጊዜ ክረምቱ እንዳበቃ፣ መስከረምና ጥቅምት ነው፤ መንገዱ ጠፍፏል፣ ደኑ ግን ገና አልደረቀም።

ስሙን ከመናገር በፊት እጃቸውን አፈሩ ላይ ያሳርፉ። አንዱን መዳፍ ከፈርኑ ሥር፣ ሌላውን ፀሐይ በሚመታው መንገድ ላይ። ከሥሩ ያለው ቀዝቃዛና እርጥብ ነው፤ ሲጨብጡት ይጠቀለላል። «እዚያ ማዶ ለምን አልበቀለም?» ብሎ መጠየቅ የሚቀለው ያኔ ነው። ገና የሚወጣው ቅጠል እንደ ቀንድ አውጣ ተጠቅልሎ ስለሚታይ እሱን ራሳቸው ቢፈልጉት ደስ ይላቸዋል።

ቅጠሉ ሲገለበጥ ቡናማ ነጥቦች ይታያሉ። ልጆች ብዙ ጊዜ በሽታ ወይም የነፍሳት እንቁላል ይመስላቸዋል። የስፖር ከረጢቶች ክምር ናቸው፤ እንደ ዝርያው ክብ ነጥብ፣ ሰረዝ፣ ወይም የቅጠሉን ጠርዝ የተከተለ መስመር ይሆናሉ። አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ይበቃል። ተክሉን መንቀል አያስፈልግም፤ ከአንድ ቅጠል ጣት የምታክል ቅርንጫፍ ብቻ ትቆረጥ።

ቅርንጫፏ ጀርባዋ ወደ ታች ሆኖ ነጭ ወረቀት ላይ ትቀመጥና ሌላ ወረቀትና ቀለል ያለ መጽሐፍ ይጫንባት። ነፋስ በማይገባበት ደረቅ ቦታ በአንድ ወይም በሁለት ቀን የቅጠሉን ቅርጽ የያዘ የብናኝ ሥዕል ትተዋለች። ምንም ካልወጣ ነጥቦቹ ገና አረንጓዴ ነበሩ፣ ወይም አርጅተው ባዶ ቀርተዋል።

ብናኙን ለማብቀል በመስታወት ዕቃ ውስጥ ሁለት ጣት ያህል አፈር ይጨመርና የፈላ ውሃ ይፈስበታል፤ ይህ ካልተደረገ ሻጋታ ይቀድማል። ሲቀዘቅዝ ስፖሩ በስሱ ይነሰነስበት፣ አፈር አይልበስ፤ ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋል። አፉ በላስቲክ ተሸፍኖ ቀጥታ ፀሐይ በማይደርስበት መስኮት አጠገብ ይቀመጥ። ከሳምንታት በኋላ አረንጓዴ ሽፋን፣ ቀጥሎም ከጥፍር ያነሱ የልብ ቅርጽ ያላቸው ቅጠል መሳዮች ይወጣሉ። ብዙዎቹ ሙከራዎች የሚከሽፉት እዚህ ላይ ነው። ላዩ እርጥብ ይመስላል እንጂ ውሃ የለበትም፤ በእነዚህ ቅጠል መሳዮች ላይ የሚፈጠረው የወንዴ ሕዋስ ደግሞ ወደ ሴቴው ሕዋስ የሚደርሰው በውሃ ውስጥ ዋኝቶ ነው። ስለዚህ በየጥቂት ቀኑ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ በስሱ ይረጭ። ፈርን ጥላና እርጥበት የሙጥኝ የሚልበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። እውነተኛዋ ትንሽ ቅጠል ብቅ እስክትል ወራት ይወስዳል፤ ለሳምንት ብቻ የታቀደ ትምህርት ከወረቀቱ ሥዕል ባያልፍ ይሻላል።

በደኑ ውስጥ ሳማ ስላለ ሱሪና የተሸፈነ ጫማ ግድ ነው። በተመነጠረና ፀሐይ በሚያገኘው ቦታ በብዛት የሚወርሰው ረጅሙ የፈርን ዓይነት መርዛማ ስለሆነ ወደ አፍ እንዳይገባ፣ ከጉዞው በኋላም እጅ በሳሙና ይታጠብ።