«የሟች ልብስ» እና ሌሎች የትሪፍት ሱቅ ወሬዎች

አሜሪካ ካለነው ሐበሾች ግማሹ በየሳምንቱ ትሪፍት ሱቅ (ሰው የሰጠው ያገለገለ ልብስና ዕቃ በርካሽ የሚሸጥበት) ይሄዳል፣ ግን አያወራም። ግማሹ ደግሞ ሳይሄድ ያወራል። እኔ ከመጀመሪያዎቹ ነኝ። ዛሬ ግን ላውራ።

«የሟች ልብስ ነው»

ይሄ ወሬ አገር ቤት ሳልቫጅ ከምንለው ልብስ ጋር አብሮን የመጣ ነው። ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ዕቃውን ጠርጎ የሚሰጥበት ጊዜ አለ፣ አልክድም። ግን ቤት የቀየረም፣ የወፈረም፣ የከሳም፣ ልጁ ያደገበትም ያመጣል። የዋጋ ወረቀቱ ያልተነሳለት ሸሚዝ ስንት ጊዜ አግኝቻለሁ። ደግሞስ እናቱ ስታርፍ ነጠላዋን የጣለ ማን ነው?

ተስቦ በቅማል እንደሚተላለፍ የሚያውቅ ሕዝብ የሰው ልብስ ቢፈራ አይፈረድበትም። መፍትሔው ቤት ነው ያለው። በሙቅ ውሃ ማጠብ፣ ከዚያ ማድረቂያውን በከፍተኛ ሙቀት ግማሽ ሰዓት ማስኬድ። ቅማልም ትኋንም አይተርፍም። ሶፋና ፍራሽ ማሽን ውስጥ ስለማይገባ እኔ አልገዛም።

«የድሃ ድርሻ ነው፣ እኛ ብንገዛ ነውር ነው»

ይሄን የሚሉት ደጋግ ሰዎች ናቸው። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ጉድዊል የሚባለው ባለ ትሪፍት ሱቅ በጎ አድራጎት እ.ኤ.አ. በ1902 ቦስተን ውስጥ ሲጀመር ኤድጋር ሄልምስ የሚባል የሜቶዲስት ቄስ ከሀብታም ሰፈር አሮጌ ዕቃ ይሰበስብ ነበር። የሚጠግኑት ድሆች ነበሩ፤ ደሞዛቸው ከሽያጩ ይወጣል። ዛሬም ገቢው ለሥራ ሥልጠና ይውላል። ሳልቬሽን አርሚ የሚባለው የክርስቲያን በጎ አድራጎት ድርጅት ሱቆች ደግሞ የሱሰኞች ማገገሚያ ማዕከላቱን ይደግፋሉ። መስቀያ ላይ የቀረ ኮት ለማንም አይጠቅምም።

«ባለቤቱ ሚሊየነር ነው»

ስለ ጉድዊል በየስልካችን የሚዞር ወሬ ነው። ጉድዊል አንድ ባለቤት የለውም። በየአካባቢው ራሳቸውን የቻሉ ከ150 በላይ ድርጅቶች ስብስብ ነው። የአንዳንዱ ሥራ አስኪያጅ ደሞዝ ዳጎስ ማለቱ ሌላ ጉዳይ ነው። ሴቨርስና ቫልዩ ቪሌጅ የሚባሉት ትሪፍት ሱቆች ግን የምር አትራፊ ኩባንያ ናቸው፤ ዕቃውን ከበጎ አድራጎት ድርጅቶች ይገዛሉ። ስለዚህ ትሪፍት ሁሉ አንድ አይደለም።

«ለትሪፍት ሱቅ ምንም ብትሰጥ ይጠቅማል»

እግሩ የተሰበረ ወንበር አይጠቅምም። ድርጅቱ ለቆሻሻ ከፍሎ ነው የሚያስጥለው።

«ርካሽ ከሆነ ምን ቸገረኝ»

የሕፃን የመኪና ወንበር ላይ ይቸግራል። አደጋ ደርሶበት እንደሆነ ከላዩ አይታወቅም፤ የአገልግሎት ዘመኑም ያልቃል። ጎኑ ወደ ታች የሚንሸራተት የሕፃን አልጋም ተዉት። አሜሪካ ውስጥ ከ2011 ጀምሮ መሸጥ ክልክል ነው።

«አንድ ቀን ሀብት ይወጣልኛል»

ወሬው ከባዶ አልተነሳም። እ.ኤ.አ. በ2006 ናሽቪል ውስጥ አንድ ሰው የአሜሪካን የነጻነት አዋጅ አሮጌ ቅጂ በ2 ዶላር ከ48 ሳንቲም ገዛ። በሚቀጥለው ዓመት በጨረታ 477,650 ዶላር አወጣ። ኦስቲን ውስጥ ደግሞ አንዲት ሴት በ2018 ከጉድዊል የእብነ በረድ ራስ በ35 ዶላር ገደማ ገዛች። 2,000 ዓመት ገደማ የሆነው የሮማውያን ሥራ ሆኖ ተገኘ። ጀርመን ውስጥ ከነበረበት የጠፋ ስለነበር ተመልሶ ወደዚያው ሄደ። እሷ በሀብት አልተጥለቀለቀችም።

ለዚህ ብሎ የሚሄድ ሰው ቶሎ ይሰለቻል። እኔ የምሄደው ለሱፍ ኮት፣ ለብረት መጥበሻ፣ ለወፍራም ብርጭቆ ነው። ማርክ አላይም። ስፌቱን እስባለሁ፣ ዚፑን ሁለት ጊዜ ከፍቼ እዘጋለሁ፣ ብብቱን ወደ መብራት አዞራለሁ። ጉድዊል ከሆነ የሳምንቱ ቅናሽ የየትኛው ቀለም የዋጋ ወረቀት እንደሆነ ካሸሯን እጠይቃለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ባዶ እጄን እመለሳለሁ።

አንድ ቀን ግን ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ከአበባ ማስቀመጫዎቹ መሀል ጀበና አየሁ። «የአበባ ማስቀመጫ፣ 3 ዶላር» ብለው ለጥፈውበታል። ገልብጬ ሳየው ቂጡ ጠቁሯል። ቡና ፈልቶበታል። ከፍዬ ወጣሁ። ማቶቱን መደርደሪያ ለመደርደሪያ ፈልጌ አጣሁት።