ሻምበል ባሻ ምንድን ነው?

ሰሞኑን እዚሁ ጅማ አንድ ሠርግ ላይ ነበርኩ። መድረክ መሪው አንድ አዛውንት ሻምበል ባሻን «ክቡር ሻምበል» ብሎ አስነሳቸው። ሰውየው ፈገግ ብለው አለፉት። አጠገቤ የተቀመጠው ግን «እንዲያውም አሳንሶ ነው የጠራቸው፤ ባሻ ሲጨመርበት እኮ ይበልጣል» አለኝ። ስንቴ ሰማሁት ይህን ነገር!

ወዳጄ፣ አይበልጥም። ሻምበል የሚለው ቃል ሁለት ሥራ አለው። አንዱ ማዕረግ ነው፤ ከመቶ አለቃ በላይ፣ ከሻለቃ በታች ያለ መኮንን። ሌላው የጦር ክፍል ነው፤ ከሻለቃ ጦር ሥር ያለው። ሻምበል ባሻ ውስጥ ያለው ሻምበል ይሄ ሁለተኛው ነው። የክፍሉ ባሻ እንደማለት። ከሃምሳ አለቃ በላይ ነው፣ ግን መኮንን አይደለም፤ ባለሌላ ማዕረግ ነው፣ ማለትም ማዕረግ ያለው ግን ከመኮንኖች በታች የሆነ ወታደር።

በቡና ልንገራችሁ። እሸቱ ከተለቀመ በኋላ መንገዱ ሁለት ነው። ወይ ይታጠባል፣ ወይ ደርቆ ጀንፈል ይሆናል። ምርጥ ጀንፈል አለ፣ ተራ የታጠበ ቡናም አለ። ጀንፈሉ ምርጥ ስለሆነ ግን የታጠበ አይባልም። ሻምበል ባሻም በራሱ፣ በባለሌላ ማዕረግ መንገድ ከፍ ያለ ቦታ የደረሰ ሰው ነው። ትናንት ተመርቆ መኮንን የሆነ ምክትል መቶ አለቃ ግን በማዕረግ ይበልጠዋል፣ ሰላምታም ይቀበለዋል። ብልህ ከሆነ ደግሞ ምክሩን ይጠይቀዋል።

ምሳሌው እዚህ ላይ ይሰበራል። ጀንፈል ተመልሶ አይታጠብም፤ ወታደር ግን መኮንን መሆን ይችላል። አበበ ቢቂላ ክቡር ዘበኛ የገባው በተራ ወታደርነት ነው፤ የሞተው ሻምበል ሆኖ ነው። ሻምበል ብቻ፣ ያለ ባሻ።

«ታዲያ ሌተናል ኮሎኔሉን ኮሎኔል እንል የለም?» ትሉኝ ይሆናል። እንላለን። ብርጋዴር ጄኔራሉንም ጄኔራል፣ ምክትል መቶ አለቃውንም መቶ አለቃ። ልብ በሉ፣ የሚጣለው ሁልጊዜ የፊተኛው ቃል ነው። በዚህ ስሌት ሻምበል ባሻ ሲያጥር ባሻ ይሆናል እንጂ ሻምበል አይሆንም።

ደግሞ ይሄ ማሳጠር ለአፍ ነው። ደብዳቤ ላይ ማዕረጉ ሙሉውን ይጻፋል። የሠርግ ጥሪ ካርድም እኔ ዘንድ ደብዳቤ ነው።