ኤምቲዩ ምንድን ነው? ኤምኤስኤስስ?

አንዳንድ የኔትወርክ ብልሽት ባለሙያውን ራሱን እንዲጠራጠር ያደርገዋል። ፒንግ የሚባለው የመሞከሪያ መልእክት ይመለሳል፣ የሰርቨሩ ስም ወደ አድራሻ ይተረጎማል፣ ግንኙነቱም ይከፈታል፤ ገጹ ግን ነጭ እንደሆነ ይቀራል። እኔን የገጠመኝ የአንድ መሥሪያ ቤት ሁለት ቅርንጫፎችን በቪፒኤን፣ ማለትም በኢንተርኔት ላይ በሚዘረጋ የተመሰጠረ የግል መስመር፣ ባገናኘንበት ሳምንት ነው። የሂሳብ ክፍል ባልደረባችን የመግቢያ ገጹ ይከፈትላታል፣ የይለፍ ቃሏን ታስገባለች፣ የአንድ ቀን ሪፖርት ስትጠይቅም ይመጣላታል፤ የወሩን ስትጠይቅ ግን ያቺ ክብ ምልክት ስትሽከረከር ትውላለች። ኬብል ቀየርን፣ ስዊቹን ቀየርን፣ ሰርቨሩን አጥፍተን አስነሣን፣ ጥፋቱንም በየተራ እርስ በርሳችን ላይ አላከክን። የችግሩ መነሻ ግን አንዳችንም ያልነካነው አንድ የመጠን ገደብ ነበር፤ እርሱም ኤምቲዩ ይባላል።

ኤምቲዩ ማክሲመም ትራንስሚሽን ዩኒት የሚለው ስያሜ ምሕጻር ሲሆን፣ በአንድ የመገናኛ መስመር ላይ ሳይቆራረጥ በአንድ ጊዜ ሊያልፍ የሚችለው ትልቁ የአይፒ ፓኬት (አድራሻ ተጽፎበት የሚላክ የመረጃ ጥቅል) ስንት ባይት እንደሆነ የሚገልጽ ቁጥር ነው። በተለመደው የኬብል ኔትወርክ፣ በኢተርኔት ላይ፣ ይህ ቁጥር 1500 ነው። እዚህ ውስጥ የሚቆጠረው ፓኬቱ ከነሄደሩ፣ ማለትም የላኪውና የተቀባዩ አድራሻ ከተጻፈበት ራስጌው ጋር ነው፤ ኢተርኔት ራሱ ከፊት የሚጨምረው 14 ባይትና ለስሕተት መፈተሻ ከኋላ የሚያስከትለው 4 ባይት ግን አይቆጠሩም። ስለዚህ ፍሬም የሚባለው ሙሉው ጥቅል 1518 ባይት ይሆናል፤ አንዱን ኔትወርክ ለብዙ የሚከፍለው የቪላን መለያ ሲታከልበት ደግሞ 1522። አንዳንድ አምራቾች 14ቱን ባይት ጨምረው ስለሚቆጥሩ ያው ገደብ በእነርሱ ራውተር ላይ 1514 ተብሎ ይጻፋል፤ የሁለት አምራቾችን ዕቃ የሚያገናኝ ሰው ይህን ካላወቀ በ14 ባይት ልዩነት ቀኑን ሙሉ ሊባክን ይችላል።

ቁጥሩ 1500 የሆነው በዘመኑ ምክንያት ነው። ኢተርኔት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1973 በካሊፎርኒያ በሚገኘው የዜሮክስ የምርምር ማዕከል ተወጠነ፤ በ1980 ዲጂታል፣ ኢንቴልና ዜሮክስ በጋራ ባወጡት መመዘኛም ፍጥነቱ በሰከንድ 10 ሜጋቢት ሆነ። በዚያን ጊዜ ኮምፒውተሮቹ ሁሉ አንድ ወፍራም ኬብል ይጋሩ ስለነበር አንዱ ሲናገር ሌሎቹ ዝም ብለው መጠበቅ ነበረባቸው። አንድ ሙሉ ፍሬም በዚያ ፍጥነት ለማለፍ 1.2 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ገደቡ ከፍ ቢል ወረፋው ይረዝማል፣ በመንገድ ላይ የተበላሸውን ደግሞ ለመላክ የሚባክነው ይጨምራል፣ ያኔ እጅግ ውድ የነበረው ሜሞሪም አይበቃም፤ ዝቅ ቢል ደግሞ መስመሩ በሄደር ብቻ ይጣበባል። ዛሬ በ10 ጊጋቢት መስመር ላይ ያው ፍሬም በ1.2 ማይክሮሰከንድ ያልፋል። ምክንያቱ አልፏል፤ ቁጥሩ ግን አላለፈም፤ ምክንያቱም በአንድ የአካባቢ ኔትወርክ ላይ ያሉ መሣሪያዎች ሁሉ በገደቡ ላይ ካልተስማሙ ትልቁን ፍሬም የሚልከው ክፍል ትንሹን ብቻ ከሚቀበለው ጋር መነጋገር ያቅተዋል። እያንዳንዱን ስዊች ራሳቸው የሚያስተዳድሩ የዳታ ማዕከሎች ገደቡን ወደ 9000 ባይት ከፍ አድርገው ጃምቦ ፍሬም በሚባለው ይሠራሉ፤ ሰፊው ኢንተርኔት ግን ከ1500 አልወጣም።

ኤምኤስኤስ ከዚህ ጋር ዘወትር የሚምታታው ሌላው ገደብ ነው፤ ማክሲመም ሴግመንት ሳይዝ ማለት ነው። ልዩነቱን በእህል ነጋዴ ቋንቋ ማስረዳት ይቀላል፦ ኤምቲዩ ከነጆንያው የሚመዘን ነው፤ ኤምኤስኤስ ግን እህሉ ብቻ ነው። መረጃው ሳይጎድል እንዲደርስ የሚቆጣጠረው ቲሲፒ የተባለው አሠራር መረጃውን ሴግመንት በሚባሉ ክፍሎች ይከፋፍልና እያንዳንዱን በራሱ ሄደር ጠቅልሎ ለአይፒ ያስረክባል፤ አይፒም በተራው የራሱን ሄደር ይጨምርበታል። ሁለቱም ሄደሮች ቢያንስ 20 ባይት ስለሚወስዱ ከ1500 ላይ 40 ሲቀነስ ለመረጃው 1460 ባይት ይቀራል። በአይፒ ስሪት 6 የአይፒው ሄደር 40 ባይት ስለሆነ ቁጥሩ ወደ 1440 ይወርዳል። በፓኬት መመርመሪያ ፕሮግራም ግንኙነቱን የሚመለከት ሰው ግን ብዙ ጊዜ 1460 ሳይሆን 1448 ነው የሚያየው፤ የጎደሉት 12 ባይት ቲሲፒ የጊዜ ማኅተሙን ያስቀመጠባቸው ናቸው፣ ኤምኤስኤስ ሲታወጅ እንዲህ ያሉ ተጨማሪዎች አይቀነሱምና። በላኪው ኮምፒውተር ላይ ከተመለከተ ደግሞ ብዙ ሺህ ባይት የሚሆን ፓኬት አይቶ ሊደነግጥ ይችላል፤ እርሱም የመከፋፈሉ ሥራ ለኔትወርክ ካርዱ ተላልፎ ሳለ ፕሮግራሙ ገና ያልተከፋፈለውን ስለቀዳ ነው።

ኤምኤስኤስ የሚነገረው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ግንኙነቱ ሲከፈት በሚለዋወጧቸው ሲን የሚባሉ መልእክቶች ላይ ነው። ብዙዎች ሁለቱ ወገኖች ተደራድረው በአንድ ቁጥር የሚስማሙ ይመስላቸዋል፤ ድርድር ግን የለም። እያንዳንዱ ወገን «እኔ ከዚህ በላይ አልቀበልም» ብሎ ያስታውቃል፣ ሌላው ያንን አክብሮ ይልካል፤ በሁለቱ አቅጣጫዎች የተለያየ ቁጥር ቢኖርም ነውር የለበትም። አንዱ ወገን ምንም ሳይናገር ቢቀር በአይፒ ስሪት 4 ላይ 536 ባይት እንደተናገረ ይቆጠራል። ይህም ማንኛውም ኮምፒውተር ቢያንስ 576 ባይት የሚሆን ፓኬት መቀበል አለበት ከሚለው የ1981 የአይፒ ድንጋጌ ላይ 40ውን የሄደር ባይት በመቀነስ የተገኘ ነው።

እስከዚህ ድረስ ያለው ቀላል ነው። አስቸጋሪው ነገር ሁለቱም ጫፎች የሚያውቁት የየራሳቸውን ደጅ ብቻ መሆኑ ነው፤ በመካከል ያለውን ጠባብ በር ማንም አስቀድሞ አይነግራቸውም። የመስመሩ አቅም በሙሉ የሚወሰነው ግን በዚያ በጠበበው በር ነው። በሩን የሚያጠቡት አብዛኛውን ጊዜ ፖስታን በፖስታ ውስጥ የሚያሽጉ አሠራሮች ናቸው። በብዙ የቤት ኢንተርኔት መስመሮች ላይ የሚሠራው ፒፒፒኦኢ 8 ባይት ወስዶ 1492 ያስቀራል። ጂአርኢ የሚባለው ታነል፣ ማለትም ፓኬትን በሌላ ፓኬት ውስጥ አሽጎ የሚያሳልፍ መስመር፣ 24 ወስዶ 1476 ይተዋል። ዋየርጋርድ የተባለው ቪፒኤን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ኢንተርፌሱን በ1420 ይከፍታል።

ታዲያ ከበሩ የሚተልቅ ፓኬት ሲደርስ ራውተሩ ምን ያደርጋል? የአይፒ ስሪት 4 የመጀመሪያ መልስ መቁረጥ ነበር። 1500 ባይት የሆነ ፓኬት ኤምቲዩው 1400 ከሆነ መስመር ላይ ቢደርስ፣ በውስጡ ያለው 1480 ባይት ለሁለት ይከፈላል። ቁራጮች የሚለኩት በ8 ባይት ስለሆነ የመጀመሪያው 1380 ሳይሆን 1376 ባይት ይይዛል፤ የቀረው 104 ባይት በሁለተኛው ይሄዳል፤ እያንዳንዱም የራሱ 20 ባይት ሄደር ይደረግለትና አንዱ 1396፣ ሌላው 124 ሆኖ ይወጣል። ሲያዩት ብልህ መፍትሔ ይመስላል፤ በተግባር ግን ከአንዱ ቁራጭ ጋር ሙሉው ፓኬት ይጠፋል፣ ሁለተኛው ቁራጭ ለየትኛው ፕሮግራም እንደሆነ የሚገልጸው የፖርት ቁጥር ስለሌለው ብዙ ፋየርዎል (የኔትወርኩ በር ጠባቂ) ይጥለዋል፣ መልሶ የመገጣጠሙም ሸክም በተቀባዩ ላይ ይወድቃል። በዚህ የተነሣ ዛሬ ያሉ ሥርዓቶች አብዛኛውን የቲሲፒ ፓኬት «አትቁረጠኝ» የሚል ምልክት አድርገውበት ይልካሉ። አይፒ ስሪት 6 ደግሞ ነገሩን ከሥሩ ቆርጦታል፤ በመንገድ ላይ ያለ ራውተር ፓኬት መቁረጥ ፈጽሞ አይፈቀድለትም፣ በምትኩም ማንኛውም መስመር ቢያንስ 1280 ባይት ማሳለፍ ግዴታው ነው።

መቁረጥ ከተከለከለ የሚቀረው መጣልና ማሳወቅ ነው። ጄፍሪ ሞጉልና ስቲቭ ዲሪንግ በ1990 ባወጡት አሠራር መሠረት፣ ራውተሩ የማያልፈውን ፓኬት ጥሎ ለላኪው አይሲኤምፒ በተባለው የኔትወርክ ማሳወቂያ በኩል «ተልቋል፤ የእኔ በር ይህን ያህል ነው» የሚል መልእክት ይልካል፤ ላኪውም ቁጥሩን መዝግቦ ከዚያ በኋላ ያሳንሳል። አሠራሩ የቆመው ግን ያ መልእክት ላኪው ዘንድ ይደርሳል በሚል እምነት ላይ ነው። አይሲኤምፒን ሙሉ በሙሉ መዝጋት ደኅንነት ነው ብሎ የሚያምን የፋየርዎል አዋቃሪ ደግሞ አይታጣም፤ በእኔ አስተያየት በኔትወርክ ሙያ ውስጥ ከተለመዱት ስሕተቶች ሁሉ ዋጋው የከበደው ይህ ነው። መልእክቱ ሲታገድ ላኪው ያንኑ ትልቅ ፓኬት ደጋግሞ ይልካል፣ ራውተሩ ደጋግሞ ይጥላል፣ ለማንም የሚታይ ስሕተት አይወጣም። ባለሙያዎቹ ጥቁር ጉድጓድ ይሉታል። ግንኙነት የሚከፍቱት መልእክቶች ትናንሽ ስለሆኑ ያልፋሉ፤ ሰርቨሩ የምስክር ወረቀቱን ወይም ረዥም ገጽ መላክ ሲጀምር ግን ሙሉ መጠን ያለው ፓኬት ይወጣና እዚያው ይቀራል።

በእኛም ቅርንጫፍ የሆነው ይኸው ነበር። አንድ ባልደረባችን በመጨረሻ ፒንጉን «አትቁረጠኝ» የሚለውን ምልክት አድርጎ፣ መጠኑንም ከፍና ዝቅ እያደረገ ሞከረ። በንጹሕ ኢተርኔት ላይ 1472 ባይት ማለፍ ነበረበት፤ 20 ለአይፒ፣ 8 ለአይሲኤምፒ ሲጨመር 1500 ይሞላልና። በእኛ ታነል ግን 1410 ተመለሰ፣ 1411 ዝም አለ። በ1410 ላይ 28 ሲጨመር 1438 ነው፤ ከየት እንደመጣም ማስላት ይቻላል። ታነላችንን የሚያመሰጥረው አይፒሴክ ከ1500 ላይ ለአዲሱ የአይፒ ሄደር 20፣ ለራሱ ሄደር 8፣ ለምስጠራው መነሻ 16፣ ለማረጋገጫው 12 ይወስዳል፤ 1444 ይቀራል። ምስጠራው የሚሠራው በ16 ባይት እሽግ ስለሆነ የሚሞላው 1440ው ብቻ ነው፤ ከዚያም 2 ባይት ለማሳረጊያው ሲሄድ 1438 ይሆናል። የቪፒኤን ራውተሩ ይህን ለሰርቨሩ በትክክል ሲያሳውቅ ነበር፤ መልእክቱን የሚጥለው በሰርቨሩ ፊት የቆመው ፋየርዎል ነው፤ የአይሲኤምፒ እገዳውን ማን እንደጻፈው የሚያስታውስ ግን አልተገኘም።

መድኀኒቱ ከአንድ በላይ ነው። ትክክለኛው ለዚያ የአይሲኤምፒ መልእክት ብቻ በሩን መክፈት ነው፤ እገዳው በሌላ ሰው እጅ ሲሆን ግን ይህ ልመና ስለሚሆን፣ ብዙ ባለሙያ ኤምኤስኤስን በመንገድ ላይ ወደ ማሳነስ ይሄዳል። ራውተሩ የሚያልፉትን የሲን መልእክቶች እያየ «1460» የሚለውን ወደሚበቃው ቁጥር ይለውጠዋል፤ ሁለቱም ጫፎች ሳያውቁት ከዚያ በላይ አይልኩም። በፒፒፒኦኢ መስመር ላይ 1452 ይጻፋል፤ እኛ ከ1438 ላይ 40 ቀንሰን 1398 ማድረግ ስንችል ለወደፊት ለውጥ መተንፈሻ ትተን 1360 አደረግነው፣ የወሩም ሪፖርት ያኔውኑ ተከፈተ። የሌላውን መልእክት ከፍቶ መጻፍ ስለሆነ ንጹሕ አሠራር ነው አልልም፤ ይሠራል ግን። በ2007 የታተመ ሌላ ዘዴ ቲሲፒ የማንንም መልእክት ሳይጠብቅ መጠኑን ራሱ እየሞከረ በሩን እንዲያገኝ ያስችለዋል፤ ሊኑክስ ውስጥም አለ፣ አስተዳዳሪው ካላበራው ግን አይሠራም።

ኤምኤስኤስን ማሳነስ የሚረዳው ቲሲፒን ብቻ ነው፤ አስቀድሞ ግንኙነት ሳይከፍት የሚልከው ሌላው አሠራር ዩዲፒ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ የለውም። ስለዚህ በዩዲፒ ላይ የተሠሩት አዳዲሶቹ አሠራሮች ከመጀመሪያው በጥንቃቄ አንሰው ይነሣሉ። ከእነርሱ አንዱ የሆነው ኩዊክ ግንኙነት ሲከፍት ቢያንስ 1200 ባይት የሆነ መልእክት መንገዱ ላይ ማለፉን አረጋግጦ ነው የሚቀጥለው፤ ከዚያ በላይ የሚሄደው ሞክሮ ሲሳካለት ነው። ስምን ወደ አድራሻ የሚተረጉሙት ብዙ የዲኤንኤስ ሰርቨሮች ደግሞ ከ2020 ወዲህ በዩዲፒ ለሚልኩት መልስ 1232 ባይትን እንደ መነሻ ገደብ ይዘዋል፤ ከአይፒ ስሪት 6 ዝቅተኛ ገደብ ከ1280 ላይ 40 ለአይፒው፣ 8 ለዩዲፒው ሄደር ተቀንሶ የተገኘ ቁጥር ነው፤ መልሱ ከዚያ ከበለጠም ጠያቂው በቲሲፒ ተመልሶ እንዲመጣ ይነገረዋል።